ፒኤችዲውን ልተወው ወይስ ልግፋበት?

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 31 ነው። ሀገር ቤት የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነበርኩ። አሁን አሜሪካ፣ ሚድዌስት ውስጥ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ፒኤችዲ እማራለሁ፤ አራተኛ ዓመቴን ጀምሬያለሁ። ኮርስ በምወስድበት ጊዜ ጎበዝ ነበርኩ፤ ውጤቴ ከኤ ወርዶ አያውቅም። ኮርስ ሲያልቅ የሚሰጠውን አጠቃላይ ፈተናም ባለፈው ግንቦት አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ቆሜያለሁ። የመመረቂያ ጥናቴን ፕሮፖዛል እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ፣ እንደገና እጽፋለሁ። አማካሪዬ መጥፎ ሰው አይደለም። ግን ኢሜይል በላክሁለት ቁጥር መልሱ ‹አሁንም አስቢበት› ብቻ ነው። ስኮላርሺፔ ሙሉ ስለሆነ አላስተምርም፤ ቢሮም የለኝም። የምውለው ቤቴ ነው። ከሱፐርማርኬት ካሸር በቀር ሰው ሳላናግር ሳምንቱ የሚያልቅበት ጊዜ አለ። አብራኝ የመጣችው ልጅ ትምህርቱን ትታ ነርሲንግ ተማረች፤ አሁን ቤት ገዝታለች። ደሴ ያለችው እናቴን ጎረቤቱ ሁሉ ‹የዶክተሯ እናት› ይላታል። በደወለች ቁጥር ‹መቼ ነው የምትጨርሺው?› ትለኛለች፤ አሁን አሁን ቁጥሯን ሳይ ልቤ ይመታል። ስወጣ ለመሥሪያ ቤቴ ውል ፈርሜያለሁ፤ ዋሴ አጎቴ ነው። ጭንቅላቴ ለዚህ አይመጥን ይሆን? ልተወው ወይስ ልግፋበት? እባክዎ ይምከሩኝ።»
ግራ የገባት፣ ከሚድዌስት

መልስ፦

እህቴ፣ ጭንቅላትሽ ይመጥናል። ይህን የምልሽ አይዞሽ ለማለት ብቻ አይደለም። አጠቃላይ ፈተናውን አልፈሻል። ያንን ፈተና ያወጡትም ያረሙትም እዚያው ያሉት ፕሮፌሰሮች ናቸው። አትችልም ብለው ቢያስቡ ኖሮ ያኔውኑ ይነግሩሽ ነበር። ፒኤችዲ ላይ ማንም ሰው ለይሉኝታ ብሎ አያሳልፍሽም።

ደግሞ ይህ ያንቺ ጥያቄ በደንብ የተጠና ነው። ባርባራ ሎቪትስ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ ዶክትሬት ጀምረው የተዉትን ከጨረሱት ጋር አስተያይታ እ.ኤ.አ. በ2001 መጽሐፍ አሳትማለች። ያጠናችው በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች የተማሩ ሰዎችን ነው። ሰው የሚጠብቀው መልስ ይታወቃል፤ ደካሞቹ ወጡ፣ ጎበዞቹ ቀሩ። ውጤታቸው ሲታይ ግን እንደዚያ አልነበረም። የወጡትም የጨረሱትም ጎበዞች ናቸው። የሚለያዩት ትምህርት ክፍሉ ምን ያህል አቅርቧቸው ነበር፣ መረጃ ማን ይነግራቸው ነበር፣ ያልተጻፈውን ሕግ ማን አሳያቸው በሚለው ነው። እኔን በጣም ያሳዘነኝ ደግሞ ሌላ ነው። ትተው የወጡት ሰዎች ጥፋቱን የጣሉት በራሳቸው ላይ ነው። ለማንም ሳይናገሩ ይሄዳሉ። ዝም ብለው ስለሚሄዱ ትምህርት ክፍሉም «ምን አጎደልን?» ብሎ አይጠይቅም። ከኋላ የሚመጣው ተማሪም «የከበደኝ እኔን ብቻ ነው» እያለ ይቀመጣል።

ቁጥር ከፈለግሽም አለ። የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳወጣው፣ ዶክትሬት ከጀመሩ 100 ተማሪዎች ውስጥ በ10 ዓመት የጨረሱት 57 ያህሉ ናቸው። ባንቺ ዘርፍ፣ በማኅበራዊ ሳይንስ፣ 56 ነው። በኢንጂነሪንግ 64፣ በሥነ ሰብእ (ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ፍልስፍና በመሳሰሉት) ደግሞ 49። እነዚህ ሁሉ ተጣርተው የገቡ ሰዎች ናቸው እኮ! ግማሽ ያህሉ ሳይጨርስ ሲቀር «ሰነፎች ናቸው» ማለት አያስኬድም። ከውጭ ሀገር የመጡት ከአሜሪካውያኑ በተሻለ ይጨርሳሉ፤ 67 ለ54 ነው። ይህ ደስ የሚል ዜና ይመስላል። እኔ ግን አንዱ ምክንያት ቪዛው ነው ባይ ነኝ። በሩ ጠባብ ሲሆን ሰው ይቆያል፤ ደልቶት ግን አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሱዛን ጋርድነር የምትባል ተመራማሪ በሜይን ዩኒቨርሲቲ ሆና የዶክትሬት ተማሪዎችን ኑሮ ለዓመታት አጥንታለች። ዘዴዋ ቀላል ነው። ተማሪዎቹን ቁጭ አድርጋ ታናግራቸዋለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ጥናት 40 የኬሚስትሪና የታሪክ ተማሪዎችን አነጋግራለች። ከአፋቸው ደጋግሞ ከወጣው አንዱ ግራ መጋባት ነው። ምን እንደሚጠበቅባቸው በቅጡ የነገራቸው የለም። የሚያውቁትንም ያወቁት ከአስተማሪ ሳይሆን ከቀደማቸው ተማሪ፣ በወሬ ወሬ ነው። ይህን ሳነብ «ታዲያ ወሬው የማይደርሰውስ?» አልኩ። ኬሚስትሪ የሚማረው ቢያንስ ላቦራቶሪ አለው፤ ጠዋት ሲገባ አጠገቡ ሰው አለ፣ ምሳ ላይ ይሰማል። ቤቷ ቁጭ ያለች፣ ሰፈሩ አዲስ የሆነባት፣ እንግሊዝኛዋን ሳትናገረው በፊት ጭንቅላቷ ውስጥ የምታርም ሴት ግን ወሬውን ከማን ትስማ?

ጋርድነር መንገዱን በሦስት ምዕራፍ ትከፍለዋለች። አንደኛው መግቢያው ነው። ሁለተኛው ኮርስና ፈተናው ነው። ሦስተኛው ራሱ ጥናቱ ነው። አንቺ የቆምሽው ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው መሻገሪያው ላይ ነው። እዚያ ጋ የቆመው ሰው ብዙ ነው። ኮርሱንም ፈተናውንም ጨርሶ፣ ጽሑፉ ብቻ ቀርቶት ዓመታት የሚቆጥር ሰው አሜሪካ ውስጥ የራሱ ስም ሁሉ አለው፤ «ኤ.ቢ.ዲ.» ይሉታል፤ ከመመረቂያ ጽሑፉ በቀር ሁሉ ያለቀለት ማለት ነው።

ለምን እንደሚቆም አስቢው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እስከ ግንቦት ድረስ አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሠራሽው። ሌላ ሰው ጥያቄ አወጣ፣ አንቺ መለስሽ። በተለይ የኛ ሀገር ትምህርት! መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ እኛ እንገለብጣለን፣ ፈተና ሲደርስ እንሸመድዳለን፣ ደረጃ እንወጣለን። አንቺ በዚህ ተክነሻል። አሁን ግን «ጥያቄውን ራስሽ አውጪው፣ ለሦስት ዓመት የሚበቃም ይሁን» ተባልሽ። ይህ ሌላ ሙያ ነው። በፊተኛው የሃያ ምናምን ዓመት ልምድ አለሽ፤ በዚህኛው ገና የወራት ጀማሪ ነሽ። ጀማሪ ይሳሳታል፣ ይሰርዛል። መሰረዝሽ ሥራው ራሱ ነው እንጂ የሥራው መበላሸት አይደለም።

አማካሪሽን አልሰድበውም። እሱ የሚያስበው ነፃነት ሰጠኋት ብሎ ነው። አንቺ ደግሞ ረስቶኛል ትያለሽ። ጋርድነር ይህንንም ተከታትላዋለች። ተማሪው በኮርሱ ዘመን ሁሉ ነገር ተቆርጦ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ባንድ ጊዜ «አሁን ራስህን ቻል» ይባላል። ምን ያህል እገዛ በቂ እንደሆነ፣ ምን ያህሉ እንደሚበዛ፣ አማካሪውም ተማሪውም አይነጋገሩበትም።

እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣችው ጥናት ደግሞ ይበልጥ ይጠቅምሻል። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 60 የዶክትሬት ተማሪዎችንና 34 መምህራንን «ተማሪ ለምንድን ነው አቋርጦ የሚሄደው?» ብላ ጠየቀች። ከመምህራኑ በብዛት የመጣው መልስ «ተማሪው የሆነ ነገር ይጎድለዋል» የሚል ነው። ተማሪዎቹ ግን የግል ሕይወት ጣጣን፣ የትምህርት ክፍሉን ችግርና ቦታው ለእኔ አይሆንም የሚለውን ነው ያነሱት። አንድ ኮሪደር ላይ እየተላለፉ ስለ አንድ ነገር እንዲህ በተለያየ መንገድ ያስባሉ።

ይህ ላንቺ ምን ማለት ነው? ዝም ባልሽ ቁጥር ዝምታሽ የሚተረጎመው በመምህራኑ መዝገበ ቃላት ነው ማለት ነው። እኛ ዝምታን እንደ ጨዋነት እናየዋለን። አስተማሪ አይጨቀጨቅም፤ ከተቸገርን ደጅ እንጠናለን፤ አይተው እንዲያዝኑልን እንጠብቃለን። እዚያ ደጅ የሚጠና ሰው የሚያይለት የለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ አንቺ ደግሞ ደብቀሽ ደብቀሽ ለኔ ነው የነገርሽኝ። ለአማካሪሽ ንገሪው።

እንዴት እንደምትነግሪው ላሳይሽ። ፕሮፖዛሉን እርሺው። አንድ ገጽ ብቻ ጻፊ። በገጹ ላይ ሦስት ሊጠኑ የሚችሉ ጥያቄዎች ይኑሩ። ከእያንዳንዱ ሥር ሁለት ሁለት መስመር፤ ማንን አናግረሽ ወይም የትኛውን መረጃ አይተሽ እንደምትመልሺው። ጥያቄዎቹ ማማር የለባቸውም፤ አንዱ ቢያስቅም ግድ የለም። ከዚያ እንዲህ የሚል ኢሜይል፦

«ፕሮፌሰር፣ ከፈተናው ወዲህ ፕሮፖዛሉ አልገፋልኝም። ሦስት ጥያቄዎችን በአንድ ገጽ ጽፌ አያይዣለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ቢሮዎ መጥቼ ግማሽ ሰዓት ቢሰጡኝ፣ ከሦስቱ የትኛውን ብጥለው እንደሚሻል፣ ለምን እንደሆነም ልጠይቅዎ እፈልጋለሁ።»

በቃ ይኸው ነው። «ስላስቸገርኩዎ በጣም ይቅርታ» የሚለውን አትጨምሪበት፤ እጅሽ ላይ እንደሚመጣ አውቃለሁ። «ምን ይመስልዎታል?» ብለሽም አትጨርሺው፤ ለሱ መልሱ «አሁንም አስቢበት» ነው። የትኛውን ልጣል ለሚለው ግን አንዱን መምረጥ አለበት። ቢሮው ስትገቢ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂው፤ ከዚህ በፊት ያማከራቸው ሁለት ተማሪዎች ያስጸደቁትን ፕሮፖዛል። ያለቀ የመመረቂያ ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ፕሮፖዛል ግን ሰው እጅ ላይ ነው የሚገኘው። ሌላው ሰው ስንት ገጽ ጻፈ፣ ምን ያህል ያልተጣራ ነገር ይዞ አለፈ የሚለውን ስታዪ ትንፋሽሽ ይመለሳል። እስካሁን የምትጽፊው ለመጽሐፍ የሚሆን ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ ፕሮፖዛሉን የሚያጸድቀው ኮሚቴ የሚጠብቀው ግን ዕቅድ ነው።

አሁንም በግማሽ መስመር ቢመልስልሽ ወደ ኮሚቴው አባላት ሂጂ፤ ከነሱ አንዷ ወይም አንዱ የሚያናግር አይጠፋም። ትምህርት ክፍሉ የድኅረ ምረቃ አስተባባሪ አለው፤ ሥራው ነው። አማካሪ መቀየርም ክህደት አይደለም። እኛ ነን እንደ ፍቺ የምናየው። ግን አዲሱን ሰው ሳታናግሪ የድሮውን አትልቀቂ።

ስለ ቢሮ ነገር ደግሞ። ሙሉ ስኮላርሺፕ ያገኘ ሰው ዕድለኛ ይመስላል። ሎቪትስ ያየችው ግን የሚያስተምሩትና ምርምር ላይ የሚረዱት ተማሪዎች፣ ገንዘቡን ብቻ ተቀብለው ከሚቀመጡት በተሻለ እንደሚጨርሱ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሚያስተምር ሰው ጠረጴዛ አለው፣ ቁልፍ አለው፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጋ ሰው ያገኛል። «ፕሮፖዛልሽ የት ደረሰ?» የሚለው ያገኘዋል፤ ራሱም ሌላውን ይጠይቃል። ስለዚህ ሄደሽ ጠረጴዛ ጠይቂ። የትምህርት ክፍሉን ጸሐፊ ጠይቂያት፤ ዲኑ የማያውቀውን ባዶ ጠረጴዛ እሷ ታውቀዋለች። ስኮላርሺፑ የሚፈቅድ ከሆነ አንድ ክፍልም ቢሆን አስተምሪ። ኤፍ-1 የሚባለው የተማሪ ቪዛ በትምህርት ጊዜ ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቅዳል። በሳምንት ሁለት ጠዋት አብሮሽ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ተማሪም ፈልጊ። የሌላ ትምህርት ክፍል ቢሆንም ይሁን፤ እንዲያውም የኛ ልጅ ባይሆን ይሻላል፤ ቡናው ይረዝማል።

እናትሽ ስትደውል ልብሽ መምታቱን ቀለል አድርጌ አላየውም። ቤልጅየም ውስጥ በፍላንደርስ 3,659 የዶክትሬት ተማሪዎች የተጠየቁበት እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት አለ። ከሦስቱ አንዱ ወደ አእምሮ ሕመም ሊያመራ የሚችል ጭንቀት ውስጥ ነበር። ቤትና ሥራ ሲጋጩ ይብስ ነበር፤ የአማካሪው አያያዝም ልዩነት ያመጣል። ዩኒቨርሲቲሽ የምክር አገልግሎት አለው፤ ብዙ ጊዜ ከምትከፍይው ክፍያ ውስጥ የተካተተ ነው። ጸሎቱም ዱዓውም እንዳለ ሆኖ፣ እዚያም ቀጠሮ ያዢ። የሄደ ሁሉ አብዷል የሚለውን ወሬ ሀገር ቤት ተይው።

እናትሽስ? እሷ ክፉ አይደለችም፤ የሚቆጠር ነገር አጥታ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንኳ የዶክትሬት ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ «ፈተናው ካለፈ በኋላ እንዲህ ነው የሚኬደው» የሚላት ሰው የለም። ለሷ ትምህርት ማለት ክፍል ነው፤ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ምርቃት። ስለዚህ «ትምህርቱን ጨርሻለሁ እማዬ፣ ፈተናውንም አልፌያለሁ፤ አሁን መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው፤ መጽሐፍ ደግሞ ቀን አይቆረጥለትም» በያት። መጽሐፍ መጻፍ ይገባታል። ለጎረቤትም የምትነግረው ነገር ታገኛለች። ሁልጊዜ እሷ ከምትደውል አንዳንዴ አንቺ ቀድመሽ ደውዪ፤ ወሬውንም አንቺ ጀምሪው።

ነርሷ ጓደኛሽ ጎበዝ ናት፣ እግዜር ይባርክላት። ቤቱ የባንክ ዕዳ እንዳለበት ግን አትርሺ። ያስቀናሽ ቤቱ ነው ወይስ ሥራው? ቤቱ ከሆነ ያልፋል። ሥራው ከሆነ፣ ማለትም በየቀኑ ሰው መርዳቱ፣ ሥራ ገብቶ መውጣቱ ካማረሽ፣ እሱን በቁም ነገር እንየው።

ምክንያቱም መተውም ነውር አይደለም። የጋርድነር ተማሪዎች ከጠቀሱት አንዱ «ቦታው የኔ አይደለም» የሚለው ነው፤ ይህ እውነተኛ ምክንያት ነው። ራስሽን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ። ማንም ሳያይሽ፣ ፕሮፖዛሉን ረስተሽ፣ ስለ ሰው ኑሮ የተጻፈ ጥናት ስታነቢ አሁንም «ግን ለምን እንዲህ ሆነ?» ትያለሽ? የምትይ ከሆነ የጠፋብሽ መንገዱ ነው፤ ፍላጎቱ አለ። ምንም የማይሰማሽ ከሆነ፣ ያውም ጠረጴዛም ሰውም ካገኘሽ በኋላ፣ ያ ሌላ ነው።

ቀን ቁረጪ፤ እስከ ዘመነ ትምህርቱ መጨረሻ በይ። ከላይ ያልኩሽን ሞክረሽ እንኳ ንቅንቅ ካላለ፣ ባዶ እጅሽን አትውጪ። ብዙ ትምህርት ክፍሎች ኮርስና ፈተና ለጨረሰ የዶክትሬት ተማሪ ማስተርስ ይሰጣሉ። ማመልከት ግን አለብሽ፤ ማንም አያስታውስሽም። አሜሪካ ውስጥ ሌላ ማስተርስ ካልሠራሽ፣ በዚያ ማስተርስ በሙያሽ እስከ 12 ወር የመሥራት ፈቃድ ልትጠይቂ ትችያለሽ። ኤፍ-1 ላይ ዲግሪ ይዞ የጨረሰ ሰው ለመውጣት 60 ቀን አለው፤ አስፈቅዶ ያቋረጠ 15 ቀን፤ ሳያስፈቅድ የጠፋ ምንም የለውም። በሐኪም ደብዳቤ ትምህርት ቀንሶ ወይም አቁሞ ማረፍም ይቻላል፤ በጠቅላላው እስከ 12 ወር። ስለዚህ «ትቻለሁ» የሚለውን ቃል ለማንም ከመናገርሽ በፊት መጀመሪያ የምትሄጂው የውጭ ሀገር ተማሪዎች ቢሮ ነው፤ ለአማካሪሽ እንኳ ከመንገርሽ በፊት። ደንቡ ስለሚቀያየር ካንድ ሰው ፌስቡክ ላይ አትጠይቂ።

የቀረው ውሉ ነው። የፈረምሽበትን ወረቀት አሁን ታስታውሺዋለሽ? ብዙ ሰው ሻንጣ እያሰረ ነው የሚፈርመው። አጎትሽ ወይም የምታምኚው የሥራ ባልደረባሽ ኮፒውን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክልሽ። ስንት ዓመት እንደሚል፣ ጊዜ ማራዘሚያ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ማስተርስ ይዘሽ ብትመለሺ እንዴት እንደሚያዩት፣ ካልተመለስሽ ከዋሱ ላይ ምን ያህል እንደሚጠየቅ አንብቢ። ማራዘሚያ የሚያስፈልግሽ ከሆነ፣ ልግፋበት ብትዪም ያስፈልግሻል፣ ደብዳቤውን ጊዜው ሳያልፍ አስገቢ። አጎትሽም ይህን ሁሉ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሳይሆን ካንቺ ይስማው።